የአባዬ ፍላሽ በገሳይ ሰርግ

ለወንድሜ ለዩኑስ፤

የአላህ ሰላም ባለህበት ሐዋሳ ይድረስህ። ሥራው፣ ጤናው እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የላክሃቸው ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ደርሰውናል። በአባዬ አሮጌ የካሜራ ፍላሽ ውስጥ የነበረው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መተኪያውም ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ሬዲዮ ጠጋኙ አዳነ አሮጌውን አውጥቶ፣ አዲሶቹን በሽቦ አገናኝቶ አስገባቸው። አባዬ "የዛሬ ባትሪ ለዚህ ፍላሽ አቅም የለውም" እያሉ ሲከራከሩ ቆዩ። ፍላሹ ለመብራት ሲዘጋጅ እንደ ድሮው ሲያፏጭ ሲሰሙ ግን ፈገግ አሉ።

እሁድ የብዙነሽን ልጅ ሰርግ ልናነሳ ገሳይ ከተማ ሄድን። ብዙነሽን ሙሽራ ሳለች ያነሷት አባዬ ስለሆኑ፣ "ልጄንም እርሳቸው ያንሱልኝ" ብላ ነው። ዳሱ ውስጥ የመጀመሪያውን ፎቶ ሲያነሱ ብርሃኑ ሁላችንንም ዓይናችንን አስጨፈነን። አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ረሂማ፣ በራ እንዴ?" አሉኝ።

"በርቷል አባዬ፤ በደንብ ነው የበራው።"

"እንግዲያው ባትሪው ደካማ ነው" አሉና ካሜራውን ሰጡኝ። የቀረውን እኔ አነሳሁ። ካሜራቸውን ለሰው እንደማይሰጡ ታውቃለህ። ወደ መኪናው ስንመለስም ክንዴን ያዝ አደረጉ። "ጭቃው ያዳልጣል" አሉኝ፤ መንገዱ ግን ደረቅ ነበር።

ሌላ ባትሪ እንዳትልክ፤ ያለው ይበቃል። ይልቅ ፈቃድ ጠይቀህ፣ ዒድንም ሳትጠብቅ ና። "ዩኑስ ጺም አሳድጓል" ብዬ ለአባዬ ብነግራቸው አላመኑኝም፤ መጥተህ ፊትህን ይዩት።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል። አላህ መንገድህን አቅንቶ በቶሎ ያገናኘን።

እህትህ ረሂማ
ደብረ ታቦር