የሦስት ኪሎ ሜትሯ ሊዛና አረንጓዴው ቁልፍ

ቆቦ፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ የ«ሁሉ በነጻ» ድረ ገጽ ባለቤት፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ማታ ማታ ትንኝ ከሚበላኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የእርስዎ ጤና ግን ዘወትር ያሳስበኛል፤ ይህን ያህል ሕዝብ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ስሙን የሚያነሣው ሰው እንቅልፉ እንዴት እንደሚሆን አስባለሁና።

ስሜ ይግዛው መሳፍንት ነው። የልጅ ልጆች አያት፣ የቆቦ ዙሪያ ማሽላ አራሽ፣ የወይዘሮ ወርቅዬም ባል ነኝ። «ነኝ» ወይስ «ነበርሁ» የሚለው ገና በሽማግሌ እጅ ስለሆነ ለጊዜው «ነኝ» ብዬ ልጻፍ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የማወጣው ለድፍረት ሳይሆን የሚኖሩበትን ስላጣሁ ነው፤ የሰው ቤት ሁሉ እየገቡ የራስን ደጅ መሰወር የትም የማይገኝ ጥበብ በመሆኑ አደንቅዎታለሁ። ትዳሬን ለማዳን የእርስዎ አንድ ቃል ስለሚያስፈልገኝ፣ ነገሬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ወርቅዬ ከሮቢት በሚኒባስ ስትመለስ ሾፌሩ የከፈተው አንድ መዝሙር ልቧን ወስዶት ነበር። እኔም ልጃችን የላከልንን ስማርት ስልክ ይዤ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ መዝሙሩን ስፈልግላት ከደጅዎ ደረስሁ። «አውርድ» የሚል አንድ ቁልፍ ይበቃኝ ነበር፤ እርስዎ ግን በለጋስነትዎ በአንድ ገጽ ላይ አራት ደርድረው ጠበቁኝ። አንደኛው እንደ ሙሽራ በቅሎ ያጌጠ፣ አረንጓዴ፣ ብልጭ ድርግም እያለ የሚጣራ ነበር። ሌላው ደግሞ ከታች ጥግ ይዞ የተኮራመተ አመድማ ጽሕፈት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ወደ ሰው ግቢ የሚገባው በትልቁ በር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቤቶች!» ብሎ ነው፤ በጓሮ ሽንቁር የሚሾልክ ሌባ ነው፣ አለዚያም ውሽማ። ስለዚህ እኔ ጨዋው ሰውዬ ትልቁን አረንጓዴ በር በክብር አንኳኳሁ። ኋላ እንደተነገረኝ እውነተኛው ያ አመድማው ኖሯል። ዋናውን በር ጓሮ ደብቆ የውሸቱን ደጃፍ ላይ ያቆመ ባለቤት እንግዳ ይፈልግ እንደሆን ወይስ ምርኮ፣ ፍርዱን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ሁለተኛ። በመዝሙሩ ፈንታ ሊዛ መጣች። እርስዎ በደንብ ያውቋታል፤ እኔን ግን ያስተዋወቀኝ የለም። ልብሷ ከትከሻዋ ወርዶ ፈገግ ብላለች፤ ከሥሯም «ሊዛ ከእርስዎ በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች፤ ብቻዋን ናት፤ እየጠበቀችዎት ነው» የሚል ተጽፏል። በእኔ ዕድሜ የሚጠብቀኝ ቄሱና ጉድጓዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልዘጋት ብዬ ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ብነካ፣ ለካ ኤክሷም የሥዕሉ አካል ናት፤ ሌላ ሊዛ መጣች። እሷን ስዘጋ ሌላ። በዚህ መሐል ወርቅዬ መዝሙሯን ልትሰማ መጥታ ከጀርባዬ ቆማለች። ወርቅዬ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከእኔ ቀድማ ፊደል የለየች፣ እስከ ዛሬም በዚያ የምትኮራብኝ ሴት ናት። ከላይ እስከ ታች ረጋ ብላ አነበበችና፣ «ሂድ እንጂ! ሦስት ኪሎ ሜትር ምን አላት? ጉልበትህን የሚይዝህ ወፍጮ ቤት ሂድ ስትባል ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማደሪያዬ ከማሽላው መሐል ያለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ሆኗል። ወፍ ሌሊት እህል እንደማይበላ የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉ «ምነው እዚህ አደርህ?» ሲለኝ የምመልሰውን እርስዎ ቢያስተምሩኝ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ደም የተቃባ የሚያስታርቁት አበጋራችን ሼህ በድረዲንና ባልንጀራዬ ታደሰ ተቀመጡልን። በእኛ ወግ ቃሉ ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ሼህ በድረዲን «ልጂቱም የሰው ልጅ ናት፤ በሌለችበት ስሟ አይነሣም፤ ትምጣና ቃሏን ትስጥ» ብለው በየኑ። በዋጃ መንገድም በሮቢት መንገድም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እየተወጣ፣ ብቻዋን የምትኖር ሊዛ ተፈለገች፤ አልተገኘችም። ከዚያ ሼሁ ለገበያ ወደ ዋጃ ሲሄዱ፣ ማስረጃው በእኔ እጅ እንዳይቀር ብለው ስልኬን በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ዋጃ ደርሰው ገጹን ቢከፍቱት ሊዛ አሁንም በሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ናት! እኔ ይህን ስሰማ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ከቆቦ ዋጃ ድረስ ርቀቷን ሳታዛንፍ የምትሄድ ሴት ከየት ትመጣለች? ሼሁ ግን ጺማቸውን እያሹ፣ «ወላሂ፣ ይች ልጅ ትከተለዋለች» አሉ። ክፉ አፍ የፈጠረበት ታደሰም፣ «አያ ይግዛው፣ የእኛዎቹ ከጓዳ እስከ ደጅ እንኳ አይከተሉን፤ ምን አቅምሰሃት ነው?» ብሎ በቁስሌ እንጨት ሰደደበት። ወርቅዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ሰላምታዬን የምትመልስልኝ በልጅ ልጃችን በመቅደላዊት በኩል ነው።

አራተኛ። ስልኩ ከሼሁ ተመልሶልኝ፣ በሳምንቱ ቀይ ለብሶ «በአደገኛ ቫይረስ ተይዘዋል፤ ለመዳን አሁኑኑ እዚህ ይንኩ» ብሎ ጮኸ። ወርቅዬ፣ ከሊዛ የተጋባብኝ ነው ብላ፣ በመቅደላዊት በኩል ጤና ጣቢያ ሄጄ እንድመረመር አዘዘችኝ። ታዝዤ ተመረመርሁ። የተገኘብኝ ወባ ብቻ ነው፤ እሱም ከማማው።

አምስተኛ። ከእርስዎ የተማርሁትን ሳልጠቅስ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ እኛው ግቢ የምትከራይ የኮምፒውተር መምህርት ምሥራቅ ለሽማግሌዎቹ ገጽዎን በራሷ ስልክ ከፍታ አሳየቻቸው፤ ሊዛ ለእሷም ብቻዋን ሆና እየጠበቀቻት ነበር። ቁልፍን ነካ አድርጎ ከመልቀቅ ይልቅ ጣትን አሳርፎ ቆየት ማለት ነው አለች፤ ያኔ የሚወስድበት አድራሻ ብቅ ይላል፣ የገቡበትን ቤት ስም ካልመሰለ መተው ነው። እውነተኛ መዝሙር ስሙንና ክብደቱን፣ ማለት ስንት ሜጋባይት እንደሆነ፣ ይናገራል፤ የሚያጣድፍ፣ የሚያስፈራራ፣ ሳይጠየቅ የሚመርቅ ሁሉ ግን ይጠረጠራል። ይህማ የእኛው የቅቤ ገበያ ሕግ ነው! የቆቦ ሰው ቅቤ ሲገዛ የላዩን ወዝ አያምንም፤ ሰንበሌጥ እስከ ታች ሰዶ፣ መዝዞ፣ አሽትቶ፣ ከሥር የተቀቀለ ድንች አለመኖሩን አይቶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰንበሌጥ የኖርሁ ሰው እርስዎ ዘንድ ስደርስ ባዶ ጣቴን ሰደድሁ። ያገሬ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ በእርስዎ ገጽ ላይ ሰንበሌጡን እንዲይዝ በዚሁ አጋጣሚ እመክራለሁ።

ሽማግሌዎቹ አመኑ። ወርቅዬ ግን «ተከራይ ለአከራይዋ ብትመሰክር ምን ይደንቃል?» ብላ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻም የተቆረጠው ነገር ይህ ነው፤ ሊዛን ያመጣው ሰው ራሱ፣ ሊዛ የምትባል ሴት እንደሌለች በአፉም ሆነ በጽሑፉ ይናገር፤ ያኔ ይግዛው ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ካሣ አይደለም። ከገጽዎ ራስ ላይ፣ በዚያው በሚያብረቀርቀው አረንጓዴ፣ «ሊዛ የለችም» ብለው ይጻፉልኝ። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን መዝሙር በመምህርት ምሥራቅ እርዳታ ከሌላ ቦታ አግኝቼላት ነበር። አልሰማም አለች። ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ፊቷን አዞረች። የትንኙን እችለዋለሁ፣ የታደሰንም አፍ ለምጄዋለሁ፤ ይህንን ግን አልቻልሁም።

ስለ ሁሉም አመሰግንዎታለሁ። ከሠርጋችን ማግስት ወዲህ ማንም ሴት ትመኘዋለች ብላ ጠርጥራ የማታውቀዋን ወርቅዬን፣ በስተርጅና እንድትቀናብኝ ስላደረጉልኝ፣ ስለዚህ ብቻ በልቤ ትንሽ ከበሬታ አስቀምጬልዎታለሁ። ሌላውን ሁሉ ፈጣሪ እንደ ሥራዎ ይክፈልዎ፤ ያለ ምንም መዘግየት፣ በትክክለኛው በር ገብቶ።

ከማሽላው በላይ፣ ከቤቱ በታች ሆኖ መልስዎን በትዕግሥት የሚጠብቅ፣
ጥርጣሬን ዘግይቶ የተማረ ትሑት ጎብኚዎ፣
ይግዛው መሳፍንት

በድጋሚ ላስቸግርዎ፤ ይህን ጽፌ ሳላበቃ ስልኬ ጮኸ። ከእርስዎ መልስ የመጣ መስሎኝ፣ ምስክር ትሁነኝ ብዬ ሮጬ ለወርቅዬ ሰጠኋት። «እንኳን ደስ አለዎት! አሸንፈዋል፤ ሽልማትዎ በአቅራቢያዎ እየጠበቀዎት ነው» ይላል። ወርቅዬ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መቅደላዊት አናገረችኝ፤ ሽልማቱን እስከ እሑድ አምጥቼ እንዳሳያት አዘዘችኝ። ክቡር ሆይ፣ እባክዎ የሆነ ነገር ይላኩልኝ። ፍየልም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ወንድ ይሁን።