ከነከረጢቱ የወጣው ዕባጭ

እህት ዓለሜ፣

ጤናሽ እንደ ሳቅሽ የሞላ ይሁንልኝ። እኛ ደህና ነን። ደጃፋችን አንድም ደረጃ ስለሌለው ሰሞኑን ዝናቡ ሰተት ብሎ ገብቶ ምንጣፉን አበሰበሰው እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ያ ትከሻዬ ላይ የነበረው ዕባጭ ትዝ ይልሻል? የልብስ ሰፊ ነገር፣ በመርፌ ወግቼ ባፈርጠው አመረቀዘብኝ። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ «ክፉ በሽታ አይደለም። የቆዳሽ ቀዳዳ ተደፍኖ መውጫ ያጣው ነገር ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ከነከረጢቱ ካልወጣ ግን ተመልሶ ይሞላል» አለኝ። በመድኃኒት ሲበርድልኝ ቦታውን አደንዝዞ ቀደደና ከረጢቱን ሳይበጠስ አወጣው። አተር ያህላል።

ባለቤቴ ከአጠገቤ አይጠፋም። እኔ ስጠየቅ እንኳ የሚመልስልኝ እሱ ነው። ሐኪሙ «ያምሻል?» ሲለኝ፣ «አያማትም» አለልኝ። ሐኪሙ ልብሴን ዝቅ አድርጎ ጀርባዬን አየና «ይኼስ ምንድነው?» ሲልም፣ «እቤት ደረጃ አዳልጧት ነው» አለልኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ አፌ አረፈ።

ሐኪሙ ስፌቱን ለማውጣት ብቻሽን ብትመጪም ይበቃል ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን መመላለሱ ምን ያደርጋል፣ በራስሽ መቀስ እዚሁ አወጣልሻለሁ ብሏል።

ሳትነግሪን በድንገት ደጃችንን የምታንኳኪበትን ቀን ፈጣሪ ያቅርብልኝ። ባለቤቴም ሰላም ብሎሻል። እንደ ልማዱ አንብቦ ሊያሽገው ከኋላዬ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ታናሽሽ