ገመዱን ሳልነቅል የላክሁት ኮምፒውተር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለለዎት? እናቴ መነጽሯ ተቀየረላት ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ከአፍንጫዋ አስጠግታ ነው የምታነበው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አንዳች አልጎደለብኝም።

የዛሬው ደብዳቤዬ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ታናሽ እህቴ ፈተናዋን ሳትጨርስ ስለቀረች፣ ሁለተኛ ትምህርት የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ ብለው መቆጣትዎን ሰማሁ። የላክሁላት ኮምፒውተር በፈተናው መሀል ድርግም ብሎ ጠፋብኝ ስትልዎም ሰበብ መስሎዎታል። አባባ፣ እውነቷን ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ስመርጥላት ልቤ አብጦ ነበር። የኮምፒውተር ጠጋኝ እህት ተራ ዕቃ ትያዝ? ብዬ ፊልም የሚያቀናብሩ ሰዎች የሚይዙትን፣ አንጎሉ ማለትም ፕሮሰሰሩ እሳት የላሰውን መረጥሁላት። እኛ ጥገና ቤት ማሽን ሁሉ የሚሞከረው ከጠረጴዛው ሶኬት ጋር እንደተሰካ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ፍጥነቱን አይቼ፣ ደስ ብሎኝ አሽጌ ላክሁት። አንድም ጊዜ ገመዱን አልነቀልሁም። ያ ፕሮሰሰር ደግሞ ባትሪ ሲበላ ለጉድ ነው። አራት ሰዓት በሚፈጀው ፈተና መሀል መብራት ሲሄድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይቆይላት ድርግም አለ።

ባትሪ የምትቀይረው ባልደረባዬ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ፤ ሞተሩን አይተህ ታንኩን ረሳኸው አለችኝ። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ነዳጅ ሳያዩ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። የእርስዎ ልጅ ሆኜ ይህን መሳቴ አንገቴን አስደፍቶኛል።

አሁን ግን በዋዛ አልያዝሁትም። ፕሮሰሰሩ ረጋ ያለ፣ ኃይል የማይፈጅ ሌላ ማሽን አገኘሁ። ፊልም ቢያቀናብሩበት እሪ ይላል፤ ለመጻፍና ለመፈተን ግን ከበቂ በላይ ነው። ባልደረባዬም አዲስ ባትሪ ገጠመችለት። ጠዋት ሥራ ስገባ ገመዱን ነቅዬ፣ የጥገና ቤቱ ባለቤት ሥራ ፈታህ እንዴ እስኪለኝ ድረስ ስጽፍበት ዋልሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆየ። አላመንሁትም፤ በማግስቱ ደገምሁት፣ ያው ነው።

ማሽኑን ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ያስረክብዎታል። የድጋሚ ፈተናው ምዝገባ ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ይህ ካለፋት ሌላ ዕድል የላትም። እባክዎ ይፍቀዱላት። እምቢ ካሉኝም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ደጅ እጠናዎታለሁ እንጂ አልለቅዎትም።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ታላቅ ወንድሜንና ባለቤቱን፣ ስልክ አያነሳም እያለች የምታማኝን አክስቴንም ሳይቀር ሰላም ይበሉልኝ። ለእህቴ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃትም። ያን ቀን ሲቆጧት የሰማ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይህን ደብዳቤ እርስዎ ራስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

ልጅዎ

ከጥገና ቤቱ የኋላ ክፍል
ኅዳር 9 ቀን