ድመቴም እኔም በልተናል

ይድረስ ለእናቴ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? አዲሱ መነጽርሽ ጆሮሽ ጀርባ ከቆረቆረሽ ላኪልኝ፤ ብሎኑን አስተካክዬ እመልስልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ድመቷም ደህና ናት።

«በድመት ምክንያት ትዳር አይፈርስም፤ ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለሺ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት። አልመለስም፣ እማዬ። ይቅርታም አልጠይቅም። የባሌን ሰምተሻል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ።

ድመቷ ከወንበር እግር ጋር መጋጨት ስትጀምር ሳቅን። በኋላ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ስትዘል ስታ ወደቀች። ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር እየጠገንኩ፣ እቤቴ ዓይን ሲጠፋ አለማየቴ አሳፈረኝ። በምሳ ሰዓት በካርቶን ይዣት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ዓይኗን በትንሽ ባትሪ አየችና «ምንድን ነው የምትመግቢያት?» አለችኝ። «ዳቦ በወተት» አልኳት። ባሌ «ሥጋ የሰው ነው» ስለሚል ሌላ ነገር ቀምሳ አታውቅም።

ሐኪሟ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ድመት እንደ ውሻ ያገኘችውን በልታ አትኖርም አለች። ዓይኗንና ልቧን ጠብቆ የሚያቆየው ነገር የሚገኘው ከሥጋ ነው፤ ዳቦ ውስጥ የለም። ወተቱም ሆዷን ቢያበላሽ እንጂ አይጠቅማትም፤ የምትጠጣው ውሃ ነው። ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ስጫት፣ የተቀቀለ የዶሮ ልብ ጨምሪላት፣ ጉበት አታብዢ፣ ሽንኩርት የነካው ነገር እንዳታቀምሻት አለችኝ። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ትችያለሽ።» ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችና «አንቺስ ምሳ በልተሻል?» አለች። ካርቶኑን አንስቼ ወጣሁ።

በራሴ ደሞዝ የዶሮ ልብ ገዝቼ ቀቀልኩና፣ ባሌ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ጠብቄ ከተትኩት። ሲያገኘው ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! ዛሬ ካቀመስሻት ነገ ከሳህኔ ትነጥቀኛለች» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ማቀዝቀዣውን በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

አዎ፣ እንደ ልማዱ። ጓጉንቸሩ ድመቷ ከመምጣቷ በፊትም ነበር። አንቺ የመጣሽ ጊዜ አውልቆ ደብቆት ነው። «ምነው ከሳሽ?» ስትዪኝ «ሙቀቱ ነው» ያልኩሽ ገመናዬን ልሸፍን ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከምሠራበት ሱቅ ብሎን መፍቻ ይዤ ገባሁ። እሱ ተቀምጦ እያየኝ፣ ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ብረት ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁት። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለ። «ምሳ እያቀረብኩ» አልኩት። አንድም ብሎን አልጣልኩም። ለድመቷ ዶሮ ቆራርጬ ሰጠኋት። ከዚያ ወንበር ስቤ እኔም በላሁ፤ ከእሱ በፊት፣ ፊት ለፊቱ፣ እስክጠግብ። እሱ ይጮሃል፣ እኔ አኝካለሁ። «ከዚህ ቤት ውጪ!» አለ። «ስጨርስ» አልኩት። ጨርሼም ድመቴን ታቅፌ ወጣሁ።

አሁን ከሱቃችን በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ድመቷ ጥላ ጥላውን ነው የምታየው፤ ሳህኗን ግን አትስትም። ፀጉሯ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ጎረቤቶቼ «ሰው ባጣበት ዘመን ድመት በሥጋ!» ይላሉ። ይበሉ፤ እኛም እንበላለን።

እማዬ፣ ልጆች ሳለን ሥጋ በቀረበ ቁጥር «እኔ ሥጋ አልወድም» ትይን ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ግን መውደድ ጀመርሽ። ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ማዕድሽን ይባርከው። መምጣት ካሰብሽ አልጋው ለሁለት ይበቃል፤ ከሁላችንም በፊት የምትበይውም አንቺ ነሽ።

የማትመለሰው ልጅሽ