ከስሜ ቀጥሎ የሚጻፍ ስም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሁንዴሳ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ባለቤትህ አብነት እንዴት ናት? የናይሮቢ ብርድ አሁንም ያስልሃል ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ሲገባ እማዬን ጉልበቷን ቢይዛትም ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ አላስቀራትም። ከኪቲላ ለቅሶ ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም፤ ደህንነትህን ከሰው እየጠየቅን እንጽናናለን።

የምጽፍልህ አንተና ሟች ወንድማችን ኪቲላ ስለጀመራችሁት ፕሮግራም ነው። የመድኃኒቱን አወሳሰድ በአፋን ኦሮሞ በሚያትመው የሁሩሙም የቡሬም ጤና ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። ዘንድሮ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲመጡ ግን ፕሮግራሙ የታሸገበት የድሮው ፓኬጅ በአዲሱ ሊኑክስ ላይ አልጫን አለ። አወሳሰዱ በቃል ብቻ ሲነገር፣ አንዲት የኖፓ አሮጊት የማታውን ክኒን ከጠዋቱ ጋር ደርበው ውጠው ከሞት ነው የተረፉት። ይህን ከሰማሁ በኋላ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

የጤና ጣቢያዎቹ ሰርቨር ኃላፊ አቶ ዳምጤ፣ ሁሉን የሚያዘውን የሩት ሥልጣን ለማንም አይሰጡም። ሽማግሌ ላኪባቸው ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን አልተቀየምኳቸውም። የሁሉ ቁልፍ በየሰው ኪስ ከዞረ ቤት ቤት አይሆንም። በተራ ተጠቃሚነቴ ኮንቴይነር ከፍቼ ፓኬጁን እዚያው ውስጥ እንደ አዲስ ገነባሁት። እማዬ ምንድን ነው ብትለኝ፣ በሰው ግቢ እንደተከራየሁት ክፍል ነው፣ ውስጡ አዛዥ ነኝ፣ ከደጃፉ ወዲያ ግን ምንም መብት የለኝም አልኳት። ብዙ ጊዜ ከሸፈብኝ። ያ ችኩል ወንድምህ፣ በራሱ ማሽን ላይ አስቀድመው ስለነበሩ ያስፈልጋሉ ብሎ ሳይጽፍ ያለፋቸውን ነገሮች እየሳቅኩም እያለቀስኩም አንድ በአንድ አሟላሁ። በመጨረሻ ተሳካ።

አቶ ዳምጤ ከመጫናቸው በፊት፣ ፓኬጁ ላይ ተጠሪ ተብሎ ለተጻፈው ሰው ኢሜይል ይልካሉ። ከበደሌ በቅርቡ የተዛወሩ ናቸውና ሳያውቁ ለኪቲላ ላኩ። ሰንብተው መጡና ሰውዬው አይመልስም፣ መላሽ የሌለውን አልጭንም አሉኝ። መሞቱን ስነግራቸው ነፍስ ይማር ብለው፣ በሕይወት ያለ ተጠሪ ይጻፍበት አሉኝ።

ስሙን አንሥቼ የእኔን ልተካ መሆኑን ስነግራት፣ እማዬ ከዚያ ላይም ልታወጪው ነው ወይ ብላ ፊቷን አዞረች። የሠራው ሁሉ በፓኬጁ ታሪክ ውስጥ ከነስሙ እንደሚቆይ ባስረዳትም አልተቀበለችኝም። ጠዋት ግን፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የታመመ ሰው ሲጣራ ሙት አይመልስም፤ የአንቺን ጻፊ፤ ብቻሽን ግን አትጻፊ፣ አንዱ ሲሄድ የሚሆነውን አይተናል፣ ሁንዴሳ ይጨመር አለች።

ስለዚህ ከስሜ ቀጥሎ ያንተን ጻፍኩ። አቶ ዳምጤ ለአንተም ይልካሉ፤ ፓኬጁ የሚጫነው ሁለታችንም ስንመልስ ነው። ዝም ያልከው ለቅሶው ላይ ባለመድረስህ አፍረህ እንደሆነ፣ እማዬ አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ለእኛ መጻፍ ከከበደህ ለእሳቸው መልስ።

አብነትን በእኔ ስም ሳምልኝ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሀምዱ እጅ ነሥቷል። እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ይህን ሁሉ ሳነብላት ቆይታ፣ አለሁ ብቻ ብሎ ቢጽፍም ይበቃል በዪው አለች።

እህትህ ሲፋን
መቱ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.