ነዋፍ ፈተናውን አለፈ

ወንድሜ ሙዐዝ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እማዬስ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ኮምቦልቻ ሳስተምረው የነበረው እንግሊዝኛ እዚህ ደማምም ተፈለገ። ወጥ እየሠራሁ የማዳምን ልጅ፣ ነዋፍን አስጠናለሁ። የበግ መንጋ «ፍሎክ»፣ የከብት «ኸርድ» ይባላል ስለው ያዛጋል። «ባንክ» የወንዝ ዳርም ነው ብለው ሳቀብኝ፤ ወንዝ የት አይቶ ያውቃል፣ ደነዝ! ማዳም «ነዋፍ ካለፈ ባሌ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ መትቶ ወደ አገርሽ ይሸኝሻል» ብላኝ ነበር። ያ ደነዝ ይኸው በእኔ ልፋት አለፈ። እሷም በደስታ አቀፈችኝና፣ «ኸላስ፣ እህቱንም አንቺው ታስተምሪያለሽ» ብላ ፓስፖርቴን ቁም ሣጥኗ ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት።

እማዬ ለዒድ ብላ ቤቱን ቀለም እንዳታስቀባ፤ ዝናብ ያበላሽባታል።

ልጅቷን ትናንት ጀመርኳት። የበግ መንጋ «ኸርድ» ነው አልኳት። ከወንድሟ ትሻላለች፣ ቶሎ ያዘችው።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ዱዓችሁ አይለየኝ።

እህትህ መሪማ