ከማዶ ያለችው ባለሦስት እግር

ጥር 6

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። የተማሪዎች ጎማ ለጠፍኩ፣ የሳይክል ካቴና ዘይት ቀባሁ... ሌላ የለም። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሳይክል ቤቴ መጣች፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ። ጆሮዋን ከታመመች ወዲህ መሬቱ ይዞርባታል። የሰፋችውን ልብስ በሳይክል ማድረሱን ከተወች ቆየች። ዛሬ ግን ፊቷ በርቷል።

"አገኘሁ" አለች።

"ምን?"

"የማይጥለኝን ሳይክል።"

የድሮው ማተሚያ ቤት ጓሮ ወሰደችኝ። ቆርቆሮ ክምር ሥር ባለሦስት እግር ሳይክል፣ የትልቅ ሰው። ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ ሁለት፣ መሃል ላይ የዕቃ ሣጥን። ዝገቱ በእጅ ይራገፋል። አንዱ የኋላ ጎማ ቸርኬ ተጣሞ ዳቦ ቅርጫት መስሏል።

"ይሄ ሳይክል አይደለም" አልኳት። "አንድ ሥራ ፈት ሁለት የሞቱ ሳይክሎችን በብየዳ ያጋባው ነው። አይሆንም።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት አመራች።

ጥር 9

ከማዶ ቆማለች። ሳይክሏ! ዘንጉ በር ላይ!

ዘንጉ ያሉት ለቁመቱ ነው። እንደኔው ሳይክል ሠሪ ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ። ከስንቱ ሳይክል ሠሪ መሃል እሱ ጋ?

እራት ላይ ጠየቅኳት።

"አንተማ አይሆንም አልክ" አለች። በቃ። እራቱ አልወረደልኝም።

ጥር 12

ትስቃለች። እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ከኔ ጋር እንዲህ የሳቀችው መቼ ነው? ደግሞ ዘንጉ ምን ቀልድ ያውቃል? ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰውዬ...

አንዱ ደንበኛ "ጋሼ፣ ጎማውን ገልብጠው ገጠሙት" አለኝ። አፈርኩ።

ጥር 13

አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ዋልኩ። ማንም ልብ አላለው።

ጥር 16

አማቴ መጡ። ገና ሳይቀመጡ "ያ ረጅሙ ልጅ እንዴት ያለ ባለእጅ ነው!" አሉ። እኔን ሃያ ዓመት ሲያውቁኝ እጅ እንዳለኝ አላዩም።

ባለቤቴ ወሬውን ተቀበለቻቸው። ዘንጉ ዝገቱን ሲፍቅ ከመቀመጫው ሥር የተመታ ቁጥር አገኘ። ከመሪው በታች ደግሞ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ፤ በዙሪያቸው ቀለም ያልነካው የክንፍ ቅርጽ ቀርቷል። የፋብሪካው ምልክት የነበረበት። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት ላይም የብየዳ ጠባሳ የለም። ስትሠራም ባለሦስት እግር ሆና ነው የተሠራችው፤ ዕቃ ለማመላለስ፣ በፋብሪካ።

"የሞቱ ሳይክሎች ጋብቻ አይደለችም ማለት ነው" አለች፣ እኔን ሳታይ።

ልክ ነው። እሱ ልክ ነው። ሰው ልክ ሲሆን እንዲህ ያስጠላል?

ጥር 19

ዘንጉ ራሱ መጣ። በሩ ስለሚያጥረው ጎንበስ ብሎ ገባ።

"ጎረቤት፣ የዛችን ሳይክል ልክ ቸርኬ ከየት ላግኝ? የቆየ ልክ ነው፤ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። የተጣመመው እንደሆነ አይቃናም።"

"የለኝም" አልኩት።

በጆንያ ተጠቅልሎ ከአናቴ በላይ ተሰቅሏል። ያው ልኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ለምኑ ነው የሚያመሰግነኝ?

ማታ እሷ ልብስ እያጠፈች "ቸርኬው ጠፋ። እንግዲህ ቀረ" አለች። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር...

ጥር 22

ወደቀች።

ልብስ ላድርስ ብላ በእግሯ ወጥታ፣ እዚሁ መንገዱ ላይ። እኔ ጎማ ላይ ተደፍቼ አላየሁም። ሮጦ ያነሳት ዘንጉ ነው። ቀና ስል ወገቧን ይዞ ደግፏታል። መጀመሪያ ምን አልኩ በልቤ? "እጁን ያንሳ!" ጉልበቷ እንደሚደማ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ?

ቤት ቁስሏን እያጠብኩላት "ሳይክሏን ለምን እሱ ጋ ወሰድሻት?" አልኳት።

"አንተ ጎንበስ ብለህ እንኳ ሳታያት አይሆንም አልክ። እሱ 'እስቲ ልያት' አለ። እኔ ያማረኝ 'እስቲ' የሚለኝ ሰው ነው።"

"ትወጂዋለሽ?" አመለጠኝ።

አፍጥጣ አየችኝና ጉልበቷን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። "ዘንጉን? እሱን ቀና ብዬ ሳናግርኮ አንገቴ ነው የሚቆረጠው!"

እሷ ሳቋን ጨርሳ እንባዋን ስትጠርግ ነው እኔ መሳቅ የጀመርኩት። ውስጤ ግን አልሳቀም። "እስቲ"... ይቺን ታህል ቃል ነፍጌያት ነው?

ጥር 23

ቸርኬውን አውርጄ መንገዱን ተሻገርኩ። ዘንጉ ተቀበለኝ፤ አዞረው፣ ለካው።

"የለኝም ብለኸኝ ነበር።"

"ዋሸሁህ።"

"ምን አድርጌህ?"

"ቀንቼ ነው።"

የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገ፤ ንጹሕ እጁን።

"እኔስ?" አለ በመጨረሻ። "ሰው በሬን አልፎ አንተ ጋ ሲሰለፍ ቁጭ ብዬ ሳይ ደስ የሚለኝ ይመስልሃል?" በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ።

የቸርኬውን ሽቦዎች እኔ ወጠርኩ። እሱ ኩሽኔታዎቹን በጋዝ አጥቦ ገጠመ። እጁን አየሁት... ጥሩ እጅ ነው፤ ምን ይደረግ።

የካቲት 2

ብጫ ተቀባች። እኔና ዘንጉ ጥቁር ይሁን ብለን ተስማምተን ነበር። ማን ጠየቃችሁ ተባልን።

የካቲት 7

ሳይክሏ ላይ አወጣናት። እኔ በቀኝ፣ ዘንጉ በግራ፣ ሣጥኑን ይዘን እየሮጥን።

"ልቀቁኝ እንጂ!" ብላ ጮኸች።

ለቀቅን። አልተንገዳገደችም። ጥጉ ጋ ታጥፋ ሄደች። ቁና ቁና እየተነፈስን ጠበቅናት። ዞራ የምትመለስ መስሎን...

"ሄደችኮ!" አለ ዘንጉ።

የመጣችው ለምሳ ነው። የት እንደዋለች ስታወራ ምሳዋ ቀዘቀዘ። አሁን ደግሞ በመንገዱ ቀናሁ።

የካቲት 15

ከሰዓት በኋላ መጣች። ልብሱን አድርሳ ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ፍሬኑ ይንጫጫል። መንገዱ መሃል ቆመች። ወዲያ ዘንጉ፣ ወዲህ እኔ። መሪዋን ወደኔ አዞረች።

"ጌታው፣ ወረፋ አለ?"

"ለቆንጆ የለም።"

ተንበርክኬ ፍሬኑን ስፈታ ቀና ብል ዘንጉ በሩ ላይ ቆሟል። ጨርቁን በእጁ ጨብጦ ያየናል። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ደስታው አፌ ውስጥ መረረኝ።

"አንተ! ምን ቆመህ ታየኛለህ? ና ያዝልኝ እንጂ!"

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ተሻገረ። ያዘልኝ።

ፍሬኑ ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ ሥራ አልነበረውም።